መዝገቡም የምርመራው አካል ነው፦ ድብቅ የቲቢ ኢንፌክሽንን ስለ መለየትና ስለ መመዝገብ

መግቢያ

ድብቅ የቲቢ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው አያስለውም፣ አያተኩሰውም፣ ክብደቱም አይቀንስም። አክታው ቢመረመር ባክቴሪያ አይገኝበትም፤ የደረት ራጁም ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው፤ ወደ ሌላ ሰውም አያስተላልፍም። ስለዚህ ባለሙያው «ኢንፌክሽኑ አለ» ሲል በማይክሮስኮፕ ያገኘውን ነገር እየተናገረ አይደለም። አንድን የምርመራ ውጤት ከሰውየው የኑሮና የጤና ታሪክ ጋር አገናዝቦ፣ በዚያች ዕለት የቲቢ በሽታ እንደሌለበትም አረጋግጦ የደረሰበትን ድምዳሜ እየገለጸ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጠባይ በምዝገባ ላይ ምን ግዴታ እንደሚጥል ማሳየት ነው። የጸሐፊው አቋም የሚከተለው ነው፦ በድብቅ የቲቢ ኢንፌክሽን ረገድ መዝገቡ ምርመራው ካበቃ በኋላ የሚሞላ ቅጽ ሳይሆን የምርመራው አካል ነው። በመዝገቡ ላይ መስፈር ያለበትም ስያሜው ብቻ ሳይሆን ስያሜው የቆመበት ማስረጃ ነው።

ጉዳዩ ጥቂቶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ በቲቢ ባክቴሪያ እንደተያዘ ይገምታል። ሁበንና ዶድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ መልክ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ያወጡት ስሌት ቁጥሩን 1.7 ቢሊዮን ገደማ አድርሶታል። ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው ወደ በሽታ የሚሸጋገሩት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ናቸው፤ ሽግግሩም በብዛት የሚታየው ኢንፌክሽኑ በገባ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ባለ ሰዎችና በሕፃናት ላይ አደጋው ከዚህ እጅግ ይከፋል። ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ በሆነችው ኢትዮጵያ፣ ማን መቼ እንደተያዘና ማን የመከላከያ ሕክምና ወስዶ እንደጨረሰ ማወቅ ለታካሚውም ለምርምሩም መሠረታዊ ጥያቄ ነው።

ምርመራዎቹ የሚለኩት ምንድን ነው?

በሥራ ላይ ያሉት ምርመራዎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የቱበርኩሊን የቆዳ ምርመራ ነው። በክንድ ቆዳ ውስጥ ጥቂት ቱበርኩሊን ይወጋና ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የጠጠረው እብጠት ስፋት በሚሊሜትር ይለካል፤ የቆዳው መቅላት አይለካም። ሁለተኛው ከደም የሚሠራው የኢንተርፌሮን ጋማ ምርመራ ነው። ይህም የደም ሴሎች ኢኤስኤቲ-6 እና ሲኤፍፒ-10 ከተባሉ የቲቢ ባክቴሪያ ፕሮቲኖች ጋር ሲገናኙ የሚሰጡትን ምላሽ ይለካል። ፕሮቲኖቹ በቢሲጂ ክትባት ውስጥ ስለሌሉ ክትባቱ ውጤቱን አያዛባም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እነዚህኑ ፕሮቲኖች የሚጠቀሙ አዳዲስ የቆዳ ምርመራዎችንም ተቀብሏል።

ሁሉም ምርመራዎች የሚጋሩት አንድ ባሕርይ አለ፤ የሚለኩት ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ስለ ባክቴሪያው ያለውን ትውስታ ነው። ትውስታ ደግሞ ካስታወሰው ነገር በላይ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። ቤር፣ ኤደልስታይንና ራማክሪሽናን በ2019 ባሳተሙት ትንታኔ፣ የምርመራ ውጤታቸው ፖዘቲቭ ከሆነ ሰዎች ብዙዎቹ በሕይወት ያለ ባክቴሪያ በሰውነታቸው ላይኖር እንደሚችል ተከራክረዋል። ክርክሩ ገና አልተቋጨም፤ ለተግባር ግን ሦስት እውነታዎችን አጉልቷል። ፖዘቲቭ ውጤት ኢንፌክሽኑን ከበሽታው አይለይም። የትናንቱን ኢንፌክሽን ከሠላሳ ዓመቱ አይለይም። የመከላከያ ሕክምና ከተጠናቀቀ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ፖዘቲቭ ሆኖ ስለሚቀጥል፣ ሕክምናው መሳካቱን አይናገርም። የሦስቱም ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው በታሪክ ውስጥ ነው፤ የታሪኩ መቀመጫ ደግሞ መዝገብ ነው። ሌላ ሕመም ሲሆን የጠፋ ውጤት ምርመራውን በመድገም ሊተካ ይችላል። በዚህ ግን ምርመራውን መድገም የጠፋውን ታሪክ አይመልስም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

በአንድ ስም የተጠቀለሉ አራት ነገሮች

«ድብቅ ቲቢ» የሚለው አጭር ጽሑፍ በታካሚ ካርድ ላይ ሲሰፍር ቢያንስ አራት የተለያዩ መልእክቶችን ሊይዝ ይችላል። የምርመራ ውጤት ፖዘቲቭ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ባለሙያው ውጤቱን መዝኖ ኢንፌክሽን አለ ብሎ ደምድሟል ማለትም ሊሆን ይችላል። የቲቢ በሽታ ተፈልጎ አልተገኘም ማለትም ይሆናል። ወይም ደግሞ የመከላከያ መድኃኒት እንዲጀመር ተወስኗል ማለት ይሆናል። አራቱ እርስ በርስ የተያያዙ ቢሆኑም አንዱ ሌላውን አይተካም፤ አንዱ ተፈጽሞ ሌላው ሳይፈጸም ሊቀር ይችላልና።

የአገራችን አሠራር ይህን በግልጽ ያሳያል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎችና ቲቢ ካለበት ሰው ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ ሕፃናት፣ በሽታው እንደሌለባቸው ከተጣራ በኋላ ያለ ቆዳም ሆነ ያለ ደም ምርመራ የመከላከያ ሕክምና ይጀምራሉ። ይህ ከዓለም ጤና ድርጅት ምክር ጋር የሚስማማ ነው። ለምክሩ መሠረት ከሆኑት ሥራዎች አንዱ በኢትዮጵያዊው ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን መሪነት በ2011 የታተመው ትንታኔ ነው። ትንታኔው ሳል፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ የተባሉት አራት ምልክቶች አለመኖራቸው፣ ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ የቲቢ በሽታ የመኖሩን ዕድል በእጅጉ እንደሚያሳንስ አሳይቷል። የምርመራ ቁሳቁስ እስኪገኝ እየተባለ መድኃኒት ቢዘገይ ብዙ ሰዎች ይጎዱ ስለነበር አሠራሩ ትክክል ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ሙግትም ከአሠራሩ ጋር አይደለም።

ሙግቱ የሚነሣው ከዚህ አሠራር የሚወጣው መዝገብ በምርምር ውስጥ ሲነበብ ነው። የመከላከያ ሕክምና መዝገብ የሚነግረን መድኃኒት የጀመረውን ሰው እንጂ ኢንፌክሽን ያለበትን ሰው አይደለም። በመዝገቡ ላይ ካሉት ሰዎች ምን ያህሉ በባክቴሪያው እንደተያዙ ማንም አልለካም። አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ «ድብቅ የቲቢ ኢንፌክሽን ያለባቸው ታካሚዎች» ብሎ ጀምሮ መረጃውን ከዚህ መዝገብ ቢወስድ፣ ርእሱና መረጃው አይገናኙም። ልዩነቱ የቃላት አይደለም። በቦትስዋና ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2011 የታተመ ጥናት፣ አይሶናያዚድን ለ36 ወራት መውሰድ በዋናነት የጠቀመው የቆዳ ምርመራቸው ፖዘቲቭ የነበሩትን መሆኑን አሳይቷል። ተመርማሪዎቹን ከመጀመሪያው ለይቶ ያልመዘገበ ጥናት ይህን ሊያይ ባልቻለ ነበር።

ስያሜንና ማስረጃን መቀላቀል የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በሥራ ላይ ያለው የበሽታዎች መለያ ኮድ እስከ 2019 ድረስ ለድብቅ የቲቢ ኢንፌክሽን የራሱ መለያ አልነበረውም። ባለሙያዎች ይጠቀሙበት የነበረው ኮድ ምርመራው ምላሽ ማሳየቱን ብቻ የሚገልጽ ነበር። በመሆኑም ኮዱን ቆጥሮ በኢንፌክሽኑ የተያዙትን ለማወቅ የሚሞክር ተመራማሪ የሚቆጥረው የምርመራ ምላሾችን ነበር። ከጥቅምት 2019 ጀምሮ ዜድ 22.7 የተባለ የራሱ ኮድ ወጣለት፤ ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ይሁን እንጂ ኮዱ የተመደበው «ተላላፊ በሽታ ተሸካሚ» በሚለው ክፍል ሥር ነው። በአማርኛም ሆነ በሌላ ቋንቋ «ተሸካሚ» የሚባለው ሰው ለሌሎች የሚያሰጋ ሆኖ ይታያል፤ ድብቅ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ግን አያስተላልፍም። ስያሜ ሲሻሻል እንኳ የራሱን ስሕተት ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከስሩ ያለው ማስረጃ በግልጽ ተጽፎ መቀመጡ አስፈላጊ ነው።

«የቲቢ በሽታ የለም» የሚለውም ማስረጃ ይፈልጋል

ከአራቱ ነገሮች በብዛት ሳይጻፍ የሚያልፈው የበሽታው አለመኖር እንዴት እንደተረጋገጠ ነው። ይህ ክፍተት አደገኛ ነው። የቲቢ በሽታ ያለበት ሰው ኢንፌክሽን ብቻ እንዳለበት ተቆጥሮ አይሶናያዚድን ለብቻው ቢወስድ፣ በሽታው አይድንም፤ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። በካርዱ ላይ «ቲቢ ተጣርቷል» የሚል አንድ ሐረግ ብቻ ካለ፣ ቀጥሎ የሚያየው ባለሙያ የማጣሪያውን ጥራት ሊመዝን አይችልም። የተጠየቁት አራቱ ምልክቶች ብቻ ናቸው? ራጅ ተነሥቷል? አንገትና ብብት ተዳስሷል?

የመጨረሻው ጥያቄ በኢትዮጵያ ልዩ ክብደት አለው። በአገራችን ከሚመዘገበው ቲቢ ከሳንባ ውጭ ያለው፣ በተለይም የንፍፊት ቲቢ፣ ድርሻው ከፍተኛ ነው። የአንገት ንፍፊቱ ያበጠ ሰው ላያስለው ይችላል፤ ራጁም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሳል የለውም፣ ራጁ ደኅና ነው» የሚለው ለሳንባ ቲቢ የተሻለ ማስረጃ ቢሆንም ለንፍፊት ቲቢ በቂ አይደለም። «አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ተዳስሶ እብጠት አልተገኘም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። መጻፍ ያለበት መሆኑ ራሱ መዳሰሱን ያስታውሳል።

ቁጥር፣ ቀንና ስም

የቆዳ ምርመራ ውጤት በሚሊሜትር ካልተጻፈ ዋጋውን ያጣል። ምክንያቱም «ፖዘቲቭ» የሚባለው ወሰን እንደ ሰውየው ሁኔታ ይለያያል፤ ኤችአይቪ ላለበት ወይም የአካል ንቅለ ተከላ ለተደረገለት ሰው 5 ሚሊሜትር በቂ ሲሆን፣ ለሌሎች ወሰኑ 10 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። እብጠቱ 7 ሚሊሜትር የሆነ ጤነኛ ሰው ዛሬ «ኔጌቲቭ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ይህ ሰው ከዓመታት በኋላ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ቢደረግለትና በሽታ የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት ቢጀምር፣ ያው 7 ሚሊሜትር ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። በአዲስ አበባ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከ2015 ጀምሮ መሰጠት ስለጀመረ ይህ ሩቅ ምሳሌ አይደለም። ቁጥሩ ካለ እንደገና መተርጎም ይቻላል፤ «ኔጌቲቭ» የሚለው ቃል ብቻ ካለ ግን አይቻልም። የደም ምርመራውም እንዲሁ ነው፤ በኳንቲፌሮን ከ0.35 ወሰን አጠገብ ያለ ውጤት ሲደገም ወዲያና ወዲህ የሚዋልል ስለሆነ፣ ለጥቂት ወሰኑን ያለፈው ብዙ ካለፈው ጋር እኩል መነበብ የለበትም።

ቀንም ብዙ ይወስናል። ከበሽተኛ ጋር ንክኪ የነበረው ሰው ምርመራው ፖዘቲቭ እስኪሆን ከ2 እስከ 8 ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል፣ የመጨረሻው ንክኪ ቀን ካልተጻፈ ኔጌቲቭ ውጤት ምን እንደሚል አይታወቅም። እዚህ ላይ የራሳችን የሆነ ችግር አለ። በካርድ ላይ «5/4/2016» ተብሎ የተጻፈ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በጎርጎርዮሳዊው ዲሴምበር 15 ቀን 2023 መሆኑ ነው። ወረቀቱን ውጭ አገር ያለ ሐኪም ቢያነብበው ግን ኤፕሪል 5 ቀን 2016 ሊለው ይችላል፤ በአሜሪካ ያለው ደግሞ ሜይ 4 ይለዋል። ለበሽታ የመሸጋገር አደጋ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሚከማችበት ሁኔታ ውስጥ፣ ከሰባት ዓመት በላይ የሆነ የንባብ ልዩነት ውሳኔን ይቀይራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የወሩን ስም በፊደል መጻፍና አቆጣጠሩን መግለጽ።

የሰው ስምም ከዚሁ ይቆጠራል። በእኛ ዘንድ ሰው የሚታወቀው በራሱ ስምና በአባቱ ስም ነው፤ ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥም አንዱ ስም በብዙ መልክ ይጻፋል። ከአንድ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላ ሆስፒታል፣ ወይም ከአገር ወደ አገር የሄደ ሰው መዝገቡ በስም ፍለጋ አይገኝ ይሆናል። ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ የሕክምናውን ማስረጃ ለራሱ ለታካሚው በጽሑፍ መስጠት ነው። ወረቀቱም «ቲቢ» ብሎ ዝም ማለት የለበትም። ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለስደት የጤና ምርመራ የሚቀርብ ሰው የቲቢ በሽታ እንደነበረበት ተደርጎ መነበቡና ኢንፌክሽን ተገኝቶበት የመከላከያ ሕክምና ማጠናቀቁ መታወቁ ለኑሮው እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ምን ይመዝገብ?

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች ስድስት የምዝገባ ጥያቄዎች ይወጣሉ።

1. ሰውየው ለምን ተመረመረ፤ ከማን ጋር፣ እስከ መቼ ንክኪ ነበረው?
2. የትኛው ምርመራ በየትኛው ቀን ተደረገ፣ መቼ ተነበበ፣ ውጤቱ በቁጥር ስንት ነው? ምርመራ ካልተደረገ «አልተደረገም» ተብሎ ይጻፍ።
3. ከዚህ በፊት ምርመራ፣ የቲቢ በሽታ ወይም የመከላከያ ሕክምና ነበረ? ቢሲጂ ተከትቧል?
4. የቲቢ በሽታ አለመኖሩ በምን በምን ተረጋገጠ?
5. ምን ተወሰነ፣ ለምን? ታካሚው አልፈልግም ካለ ወይም ባለሙያው ካልመከረ ያም ይጻፍ።
6. የትኛው መድኃኒት ተሰጠ፣ ስንት መጠን ተወሰደ፣ መቼ ተጠናቀቀ ወይም በምን ምክንያት ተቋረጠ?

ስድስተኛው «ተጀምሯል» በሚለው ብቻ እንዳይቆም ልዩ ትኩረት ይሻል። በሳምንት አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንታት የሚወሰደው የአይሶናያዚድና የሪፋፔንቲን ሕክምና ተጠናቅቋል ለማለት በአሜሪካ አሠራር ቢያንስ 11 መጠኖች በ16 ሳምንታት ውስጥ መወሰድ አለባቸው። የተወሰደው መጠን ካልተቆጠረ ይህን መፍረድ አይቻልም። በደቡብ አፍሪካ፣ በኢትዮጵያና በሞዛምቢክ ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ የተካሄደውና ውጤቱ በ2021 የታተመው ጥናት፣ ይህንኑ ሕክምና በየዓመቱ መድገም አንድ ጊዜ ከመስጠት የበለጠ ጥቅም እንዳላሳየ አመልክቷል። ቀድሞ መውሰዱ ያልተመዘገበለት ሰው ግን ያለ ጥቅም እንደገና ሊወስድና ጉበቱን ለተጨማሪ አደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሥራ ጫና ነው። በቀን ብዙ ሰው የሚያይ የጤና ባለሙያ ዛሬም የሚሞላው ቅጽ በዝቶበታል፤ ሌላ ቅጽ መጨመር ሸክም ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። ይሁንና የቀረበው ሐሳብ አዲስ መዝገብ አይጠይቅም። ስድስቱ ጥያቄዎች በታካሚው ካርድ ላይ በስድስት መስመር ይመለሳሉ፤ ብዙዎቹም ባለሙያው አስቀድሞ የጠየቃቸውና የሚያውቃቸው ናቸው። ይልቁንም ማንም የማያነባቸውን የሪፖርት ዓምዶች መቀነስ ለእነዚህ ቦታ ይለቅቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሳይንሳዊ ነው። «ድብቅ» የሚለው ስያሜ ራሱ እየተጠየቀ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በቅርብ መመሪያዎቹ «የቲቢ ኢንፌክሽን» እና «የቲቢ መከላከያ ሕክምና» ማለትን መርጧል። ነገ ሊቀየር ለሚችል ፅንሰ ሐሳብ ይህን ያህል ምዝገባ ለምን? በጸሐፊው እምነት መልሱ ከጥያቄው ውስጥ ይወጣል። ስያሜዎች የሚቀየሩ ከሆነ ስያሜ ብቻ የያዘ መዝገብ አብሮ ያረጃል። ሚሊሜትሩን፣ ቀኑን፣ የንክኪውን ታሪክና የተዳሰሰውን አካል የያዘ መዝገብ ግን በአዲሱ ፅንሰ ሐሳብም ሊነበብ ይችላል።

መደምደሚያ

ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎች ከዚህ የሚከተለው ተግባር በእጃቸው ያለ ነው። ያለፉ መዛግብትን የሚመረምር የጥናት ንድፈ ሐሳብ ሲቀርብ፣ አማካሪውና ገምጋሚው አንድ ጥያቄ አስቀድመው ይጠይቁ፦ በዚህ መዝገብ ላይ የሰፈረው የምርመራ ምላሽ ነው፣ ኢንፌክሽን ነው፣ ወይስ የተጀመረ ሕክምና? መልሱ የጥናቱን ርእስ ሊቀይር ይችላል፤ ይቀይር። መረጃውን ራሳቸው የሚሰበስቡ ተማሪዎችም ውጤቱን «ፖዘቲቭ» እና «ኔጌቲቭ» ብለው ከመክፈላቸው በፊት የተለካውን ቁጥር እንዳለ ይያዙ፤ ቀኑንም በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፉት ይግለጹ። ምርመራው ዛሬ የሚሰጠን ውጤት ከዓመታት በኋላ የሚጠቅመው የሚያነብበው ሰው ከምን እንደተነሣን ማየት ከቻለ ነው። ያን የሚያሳየው ደግሞ በታካሚው ካርድ ላይ ዛሬ የምንጽፈው ስድስት መስመር ነው።